ኤሌክትሮዱ ይጣበቅብኛል፣ ቱቦላሬው ይበሳብኛል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ብየዳ ከልጅነቴ ጀምሮ ያምረኛል፤ ዘንድሮ እንደምንም ብዬ ትንሽ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ለልጄ የመጽሐፍ መደርደሪያ ልሠራላት ግድግዳው 1.5 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቱቦ) አመጣሁ። ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) 6013 የሚባለው ዓይነት፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ነው። 60 አምፔር ላይ ሳደርገው ይጣበቃል። 90 ሳደርገው ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይከፍታል። ትናንት ደግሞ ማስኩን ሳላወርድ ሦስት ጊዜ ለኮስኩ። ሌሊቱን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ሲቆረቁረኝ አደረ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዓይንህ። የብየዳ ብርሃን ሲያቃጥል ወዲያው አይታወቅም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚነሳው። አትሸው፣ ጨለም ያለ ክፍል አሳርፈው። ወተት ጠብ አድርግበት የሚልህ ይኖራል፤ እንዳትሰማው። እስከ ነገ ካልተሻለህ ወይም እይታህ ከደበዘዘ ሐኪም ይየው። የማስክህ መስታወት ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። ልጅህም አጠገብህ ቆማ አትይ፣ እባክህ።

አሁን ቱቦላሬውን ተወው። 5 ሚሊ የሆነ የአንግል ብረት ቁራጭ ፈልግ። ዝገቱንና ቀለሙን እስኪያብረቀርቅ ፈግፍገው፤ የኧርዙ መቆንጠጫ (ከማሽኑ መጥቶ ብረቱ ላይ የሚያያዘው ገመድ) የሚነክስበትንም ቦታ ጭምር። 80 አምፔር ላይ አድርግና እንደ ክብሪት ጫር። ከተለኮሰ በኋላ ጫፉን ከብረቱ የምታርቀው በኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ጆሮህን ስጠው፦ ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር ሳይቆራረጥ ከተንጫጫ ልክ ነህ። ዓይንህ ግን ብርሃኑ ላይ ሳይሆን ከኋላው የሚከተለው የቀለጠው ብረት ላይ ይሁን። እኔ ስማር አንድ ወር ሙሉ መስመር ብቻ ነው ያስበየዱኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ የማመሰግናቸው ለዚያ ነው።

ሌላ መልስ፦
መምህር፣ መብራቱን የሚስቡት በረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽን ነው? እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ስሞክር መጣበቁ ያስለቀሰኝ በሱ ነው። ወፍራም ገመድ ስገዛ ተገላገልኩ። ለቱቦላሬው 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይግዙ፣ 50 አምፔር አካባቢ ይጀምሩ። አራቱንም ማዕዘን በትንሽ ነጥብ ብየዳ ይያዙና ልኩን ያረጋግጡ። ከዚያ ትንሽ በይደው ወደ ሌላው ማዕዘን ይሂዱ፤ አንድ ቦታ ከቆዩ ይበሳል፣ ብረቱም ይጣመማል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ከሆነ ሽፋኑን ሳይፍቁ እንዳይነኩት፤ ጭሱ ያሳምማል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዓይኔ በማግስቱ ተሻለው። ገመዱ እውነትም 20 ሜትር የሆነ ቀጭን ነበር፤ ቀየርኩት። አራት ቀን አንግል ብረት ላይ መስመር ስበይድ ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት ብየዳው ላይ የጠጠረውን ቅርፊት በመዶሻ ነካ ሳደርገው እንደ እንቁላል ልጣጭ ብድግ አለ። ከሥሩ እስክሪብቶ የሚያህል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ለልጄ ወስጄ አሳየኋት። መደርደሪያው የሚቀጥለው ወር ይደርሳል።