ለተመዘገበ ደንበኛ ሁሉ ላይሰንስ መግዛት አለብን?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የመንዝ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና የምንጃር ጤፍ በድረ ገጽ በሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተሩን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። አንድ ጉዳይ ላይ ተጣብቄያለሁና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ሰርቨራችን ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ነው። ለአምስት ሠራተኞች የተጠቃሚ ላይሰንስ፣ ማለትም ሰርቨሩን ለመጠቀም የሚገዛውን ፈቃድ፣ ካል የሚባለውን፣ ገዝተናል። ትናንት ሻጩ ደውሎ «በስልክ ቁጥርና በይለፍ ቃል የሚገባ ደንበኛ ሁሉ ካል ያስፈልገዋል» አለኝ። የተመዘገቡት 640 ናቸው! ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላ አደርኩ። ሞላሌ ያሉ ሸማኔዎች ገንዘባቸውን የሚጠብቁት ከዚሁ ድረ ገጽ ነው፤ መዝጋት አልችልም።

እስከማውቀው፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ድረ ገጽ በኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው የዊንዶውስ ሰርቨር ካል አይጠየቅም። እኔን ያስጨነቀኝ ዳታቤዙ፣ የድረ ገጹ መረጃ የሚቀመጥበት፣ ነው። የዳታቤዙን ሶፍትዌር፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ስታንዳርድን፣ የገዛነው በካል ነው። በዚህ የግዢ ዓይነት ደግሞ ደንበኛው በድረ ገጹ በኩል ቢገባም ተጠቃሚ ነው፤ መሃል ላይ ድረ ገጽ መኖሩ ቁጥሩን አይቀንሰውም። በኮር፣ ማለትም በሰርቨሩ ፕሮሰሰር ኮሮች ብዛት፣ ቢገዛ ካል ይቀራል፤ ግን የሚገዛው ትንሹ አራት ኮር ነው፣ አቅማችን አይችለውም።

ኤክስፕረስ የሚባል ነጻ የኤስኪውኤል ሰርቨር ዓይነት አለ። የ2022ቱ እትም አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅድም። የእኛ ገና 3 ነው፤ አብዛኛው የባና ፎቶ።

ከስታንዳርድ ወደ ኤክስፕረስ ያዛወረ ሰው አለ? ፎቶዎቹን ከዳታቤዙ አውጥቼ ፎልደር ውስጥ ባስቀምጥስ ይሻላል? ለሻጩ እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።