ደሞዛችን ወሩን አይደርስም፣ የቱ ጋ ይነካ?

የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ወገኖች። እኔም ባለቤቴም ተቀጣሪ ነን። የኔ ደሞዝ 12,000 ሆኖ እጄ ላይ የሚገባው 8,460 ነው። እሱ ከ15,000ው 10,750 ያገኛል። ሌላ ገቢ የለንም። ወጪያችን ይኸው፦ ቤት ኪራይ 8,000፣ አስቤዛ ከነጤፉ 7,500፣ የልጆች ትምህርት ቤት 2,800፣ ታክሲ 2,200፣ እቁብ 3,000፣ መብራት ውሃና ካርድ 800። ደምሩት፣ በየወሩ 5,000 ብር ገደማ ይጎድለናል። ጉድለቱን በሱቅ ዱቤና በስልክ ብድር ነው የምንሸፍነው። ደሞዝ ሲገባ ለዱቤው ይሄድና ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ዱቤ። አሁን አከራያችን ከሚቀጥለው ወር 10,000 አድርጉ ብሎናል። ሻይ ቡና ተዉ የሚል ምክር ይቅርብኝ፣ ድሮ ትተናል። ቁጥሩን አይታችሁ ንገሩኝ።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ወጪውን ተይውና ደሞዝሽ ራሱ ልክ አይደለም። ጡረታ 7 በመቶ 840 ነው፣ ስለዚህ ግብር 2,700 ተቆርጦብሻል ማለት ነው። ይሄ የድሮው ሠንጠረዥ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆኗል፣ ሌላውም እርከን ተቀይሯል። ለ12,000 ስሌቱ ከደሞዙ 30 በመቶ፣ ማለትም ከ3,600 ላይ፣ 1,350 ይቀነሳል፣ ግብሩ 2,250 ይሆናል። እጅሽ ላይ 8,910 መግባት ነበረበት። የባልሽ ልክ ነው። ፋይናንስ ሄደሽ ፔሮሉን አሳዩኝ በያቸው፣ ካለፈው ሐምሌ ያለውንም ጠይቂ።

ተከራይ ነኝ፦
ኪራዩን ዝም ብለሽ እንዳትጨምሪ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ጭማሪ ደግሞ በዓመት አንዴ በሚወጣው ተመን ብቻ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም። ውላችሁ ወረዳ ተመዝግቧል?

የሁለት ልጆች እናት፦
የተጻፈ ውል አለን፣ ግን አልተመዘገበም። እሱ ግብር ይመጣብኛል እያለ ነው የቆየው።

ኮልፌ፦
አዋጁ ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀት ይዘሽ ፊቱ ብትቆሚ "ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ" ይልሻል፣ ከዛ ሌላ ቤት ፍለጋ፣ ደላላ፣ የዕቃ መጫኛ። እኔ የደረሰብኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ በሽማግሌ አናግሩት። 1,000 ብር ጭማሪ ላይ ቢስማማ ከመልቀቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ተከራይ ነኝ፦
ኮልፌ፣ እንዲህ እያልን እኮ ነው በየዓመቱ የሚጨምሩብን። ለማንኛውም ማናገሩ አይከፋም፣ ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳም ይመዝገብ። ያልተመዘገበ ውል ይዞ መብት መጠየቅ ያስቸግራል።

እማማ የሺ፦
የኔ ልጅ፣ እኔ የገረመኝ እቁቡ ነው። ከስልክ ተበድረሽ እቁብ ትጥያለሽ? ለብድሩ ክፍያ አለው፣ እቁቡ ደግሞ ያስቀመጥሽውን ያህል ነው የሚሰጥሽ። ይሄ ቁጠባ አይባልም። ግን መሀል ላይ ጥለሽ አትውጪ፣ ዋስ የሆነልሽን ሰው ታሳፍሪያለሽ። ዳኛውን ለብቻው አነጋግሪው። ችግርሽን ብትነግሪው ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ሊለውጥልሽ ይችላል፣ ካልሆነም ዕጣውን ከጎረቤት ጋር ለሁለት ያዙት፣ 1,500 ይሆንልሻል። ብሩ ሲደርስሽ መጀመሪያ የስልኩን ብድር ዝጊ። ሶፋ እንዳትገዢበት!

ጉለሌ፦
ትልቁ ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ነው? አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ያበላል። እኛ አንዱን አዛውረን ክፍያውም የምሳ ዕቃውም ቀረልን። ክፍል ውስጥ ተማሪ ይበዛል፣ አልዋሽሽም፣ ማታ ማታ እኛው እናስጠናዋለን። ዓመቱ መሀል ላይ ግን አታንቀሳቅሺው።

ቀበና፦
አስቤዛ ላይ 7,500 ለአራት ሰው ብዙ አይደለም፣ እዛ ላይ አትጨናነቂ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ፣ ዘይትና ስኳር ሸማቾች ሲመጣ። ጤፉን ከጎረቤት ጋር ኩንታል ገዝታችሁ ብትካፈሉ ከችርቻሮ ይሻላል። ዱቤ የምትወስጂበት ሱቅ ግን ዋጋው ላይ ይጨምርብሻል፣ ከሌላ ሱቅ ጋር አወዳድሪው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፋይናንስ ሄጄ ነበር፣ እውነትም የኔንና የሌሎች ሠራተኞችን ሠንጠረዥ አልቀየሩትም ነበር። የ3 ወሩ 1,350 ብር ከጥቅምት ደሞዝ ጋር ይገባል ብለውኛል። እቁቡን ጎረቤቴ ግማሹን ልትይዝልኝ ተስማምታለች፣ ዳኛውም እሺ ብሏል። ልጁ 3ኛ ክፍል ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናስብበታለን። የቀረው አከራዩ ነው፣ እሁድ ባለቤቴና አንድ የእድራችን ሽማግሌ አብረው ሊያናግሩት ነው። 9,000 ላይ ከቆመ እንፈርም?

ተከራይ ነኝ፦
ፈርሙ፣ ግን 2 ዓመት የሚል ይጻፍበት። ክፍያውንም በባንክ አድርጉት፣ ደረሰኙ ይጠቅማችኋል።