የምሳ ዕቃው ክርክር፦ ኢንዶሚ ይከልከል ወይስ አይከልከል?

የክርክሩ መነሻ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ያለው የልጆቻችን ትምህርት ቤት ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ኢንዶሚ፣ ሶሴጅ፣ ቺፕስና የታሸገ ጭማቂ በምሳ ዕቃ እንዳይላክ ሊከለክል ነው። ቅዳሜ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ወላጅ ድምፅ ይሰጥበታል። ሐሳባችሁን ከወዲሁ እዚህ የወላጆች ግሩፕ ላይ ጻፉ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እቃወማለሁ። ከፒያሳ ተነስተን ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሰርቪሱ ልጆቼን የሚወስዳቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። እኔ ከሥራ የምገባው ማታ 2 ሰዓት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያው ከሰል ማያያዝ ነው። ኢንዶሚ በ3 ደቂቃ ይደርሳል። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ “ውድ ወላጆች፣ ከቤት አብስላችሁ ላኩ” ይላል፤ የሚያበስለው ማን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ስለ ምሳ ዕቃ አንድ ቀን የጠየቀ አባት አለ?

ነርስ፣ ልደታ፦
ድካምሽ ይገባኛል እህቴ፣ እኔም አዳር እገባለሁ። ግን እስቲ ዛሬ ማታ ፓኬቱን ገልብጠሽ እዪው። ሶዲየም የሚለውን ቁጥር በ2.5 ስታባዢው የጨው መጠኑ ይመጣልሻል፤ 800 ሚሊግራም ከሆነ 2 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ ለልጅ ከዚያም ያነሰ።

ጨው ብቻ ቢሆን እንኳ ባልተከራከርኩ። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን አንድ ቦታ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ጨው፣ ስብና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር። የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ሲባሉ በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ጨመሩ። አዋቂ ሰው ራሱን ካልገታ የስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ይገታል?

ባልትና ነጋዴ፣ መርካቶ፦
የተገዛ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ የምሸጠው ሽሮ ሽንብራው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና በሶብላ ገብቶበት የተፈጨ ነው። ከሱቅ ስለተገዛ ከሶሴጅ ጋር ሊቆጠር አይገባም። ገበያው ላይ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ መኖሩንም አልክድም፣ ስማችንን የሚያጠፋው እሱ ነው። የቻለ ሰው ዛላውን ራሱ ይግዛ። ስትገዙ አንድ ሁለቱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ፤ ሻጋታ ካለው በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፣ የሻጋታው መርዝ ድስት ላይ አይጠፋም።

አባት፣ ስድስት ኪሎ፦
የመጀመሪያዋ እህታችን ጥያቄ ቆርቁሮኛል። እዚህ ግሩፕ ሦስት ዓመት ስቆይ ስለ ክፍያ እንጂ ስለ ምሳ ዕቃ ጠይቄ አላውቅም። ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ ግን ማዕድ ቤቱ የእኔ ሆነ። እሁድ እሁድ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ውሃውን ጨርሶ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ዘይቱን፣ ቀጥሎ በርበሬውን፤ እንዳያርብኝ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውሃ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቁሌቱን በአራት ዕቃ ከፍዬ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ጠዋት አንዱን አሙቆ እንጀራ መፈርፈር 10 ደቂቃ አይሞላም። እንጀራውን እገዛለሁ፤ ሊጥ እስኪቦካ ቀን መቁጠሩንና ምጣዱን አልቻልኩትም። ልጄ ፍርፍሩን ጨርሶ ዕቃውን ባዶ ነው የሚመልሰው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ለባለቤትህም ምሕረት ያውርድላት። እኔ ግን ፍሪጅ የለኝም።

አያት፣ አራት ኪሎ፦
ልጆቼ፣ በሶ እኮ እሳት አይፈልግም። ገብሱ አንዴ ተቆልቶ ከተፈጨ ወር ሙሉ ይቀመጣል፤ በውሃና በጨው መጨበጥ ነው፣ ዘይት ወይም ቅቤ ከገባበት ጭኮ ይሆናል። ቆሎና ዳቦ ቆሎም አለ። የልጅ ልጄ መጀመሪያ “ክላስ ውስጥ ይስቁብኛል” አለችኝ። ለጓደኞቿም ጨምሬ ቋጠርኩላት፣ አሁን እነሱ ናቸው የሚጠይቋት።

ነርስ፣ ልደታ፦
እማማ ያሉት ለመክሰስ ይሆናል፣ ለየቀኑ ምሳ ግን አይበቃም። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ እየመገቡ ነው። እኛ በወር ለኢንዶሚና ለጭማቂ የምናወጣውን ብናዋጣ ግቢው ውስጥ አንድ ማዕድ ቤትና ሁለት ደመወዝተኛ አብሳይ አያቅተንም። ምሥር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቅቅል እንቁላል። እገዳው ብቻውን ከመጣ ሸክሙ ያለው እናቶች ላይ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ማዕድ ቤቱ ከእገዳው ጋር በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ከተጻፈ ቅዳሜ እጄን አነሳለሁ። “በኋላ እናየዋለን” ከተባለ ግን አላነሳም።

አባት፣ ስድስት ኪሎ፦
ሐሳቡን እኔ አቀርበዋለሁ። ሌሎች አባቶችም ኑ።