ሰፈራችን ከንግድ ወደ ቅይጥ ሊቀየር ነው፤ ስብሰባው ላይ ምን እንጠይቅ?

የተክልዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነን። አባታችን የተወልን 180 ካሬ ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ ቦታ አለ። ፊት ለፊት ሦስት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያችን። አንዱ ሱቅ የእናቴ ነው፤ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ገበር ትሸጣለች። ሁለቱን አከራይተን በኪራዩ ነው የምንኖረው።

ባለፈው ሳምንት ወረዳ ተጠርተን ሄድን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ፕላን ተለጥፏል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ጠጋ ብላ ብታየውም ቤታችንን ልታገኘው አልቻለችም፤ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሬ መንገዱን በጣቴ እየተከተልኩ አሳየኋት። መስመራችን እስካሁን "ንግድ" ነበር፣ አሁን "ቅይጥ" ሊሆን ነው አሉን። አስተያየት ያለው ይናገር ተባለ። አንዱ "ጥሩ ነው" አለ፣ ሌላው "ልታስነሱን ነው!" ብሎ ጮኸ፣ እኛ ሳንናገር ወጣን። ሁለተኛው ስብሰባ የፊታችን ሐሙስ ነው። ከዚያ በኋላ ለውሳኔ ወደ ላይ ይሄዳል ተብሏል።

በማግስቱ ደላሎች በራችን ላይ ናቸው። "ሳይቀየር ቶሎ ሽጡት" ይላሉ። እውነት ዋጋው ይወርዳል? ሱቁን ዝጉ ሊሉን ይችላሉ? እንቃወም ወይስ እንደግፍ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ እናቴ እንቅልፍ አጥታለች።

ንድፍ ሠሪው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊያት። ቅይጥ ሲባል ንግዱ ይቀራል ማለት አይደለም። ታች ሱቅ፣ መሀል ቢሮ፣ ላይ መኖሪያ በአንድ ሕንጻ ላይ ይፈቀዳል ማለት ነው። ስያሜው በራሱ ሱቅ አያዘጋም።

እኔን የሚያሳስበኝ አብሮት የሚመጣው ቁጥር ነው። በመስመራችሁ ላይ የተቀመጠው ዝቅተኛ የሕንጻ ከፍታ ስንት ነው? ለግንባታ የሚፈቀደው ትንሹ የቦታ ስፋትስ? መንገዱ ይሰፋል ወይ፣ ከሰፋስ ከ180 ካሬው ስንቱን ይነካል? ለምሳሌ ዝቅተኛው ጂ+7 (ከምድር ቤቱ በላይ ሰባት ፎቅ) ነው ቢሏችሁ፣ ደረጃው፣ ሊፍቱና የመኪና ማቆሚያው ቦታውን ይሻሙትና ለሱቅ የሚተርፈው እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል፤ ገንዘቡንም ብቻችሁን አትችሉትም። ነገ ፕላን ስምምነት፣ ማለትም ከግንባታ ፈቃድ በፊት የሚሰጠውን ስምምነት ልትጠይቁ ስትሄዱ የሚመዘነው ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ግን "ንግድ" እና "ቅይጥ" በሚሉት ቃላት ላይ ሲከራከር ውሎ ቁጥሩን ሳይጠይቅ ይወጣል።

ሌላ ደግሞ የለጠፉት ፕላን የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በአዋጅ 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው ከተማውን በሙሉ የሚመለከት ሆኖ ለ10 ዓመት የሚያገለግለው ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ አንድን ሰፈር በዝርዝር የሚያወጣው ነው፤ መንገዱ፣ ከፍታው፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ሕዝብ ሳይሰማ ፕላን እንዳይጸድቅ ያው አዋጅ ያዛል። ስለዚህ ሳትፈሩ ጠይቁ። የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩን ሳታዩ ግን እንዳትፈርሙ። ቢቻል በደብዳቤ አስገቡና ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቱ።

የመርካቶው፦
ደላላ አትስሚ! እኛንም እንዲሁ አስቸኩለውናል። ደላላው የማይነግርሽን ልንገርሽ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱን አያጣም። በሽያጭ ሲሆን ግን ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፤ መሬቱን ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ይይዛል ማለት ነው። ያንን የሊዝ ክፍያ ገዢው ከራሱ ኪስ አያስበውም፣ ለእናንተ ከሚሰጠው ላይ ቀንሶ ነው የሚመጣው።

ደግሞ የ2011ዱ አዋጅ፣ 1161 የሚባለው፣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዳለው ይናገራል፤ በግል ወይም በጋራ ይላል። ይቺ "በጋራ" የምትለው ቃል ናት እኛን ያዳነችን። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው አክሲዮን እያቋቋመ ሕንጻ ሲያቆም ኖሯል፤ እኛም ሦስት ጎረቤታሞች ያንን አይተን ነው ይዞታችንን የቀላቀልነው። ቀላል ነበር አልልሽም። የአንደኛው ጎረቤታችን ወራሽ ውጭ አገር ስለነበረ ውክልናው እስኪመጣ ስምንት ወር ቆምን። ባንኩም ሁሉም ካርታ በትክክለኛው ባለቤት ስም ካልሆነ አላናግርም አለን። ካርታችሁ እስካሁን በአባታችሁ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ነገ ዛሬ ሳትሉ ጨርሱ፣ ስብሰባውን እንኳ አትጠብቁ።

ልብስ ሰፊዋ፦
ስለ ተከራይም አስቡ እንጂ። እኔ እዚያው አካባቢ በቀበሌ ሱቅ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ቤቱ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ በመንግሥት የተወረሰ ነው። ያኔ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ገባ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች። ካርታ የለኝም። ስብሰባ ላይም "ባለይዞታ" ሲባል እኔን አይጨምርም።

ግን ሥራዬ ከእናትሽ ሱቅ ጋር የተሳሰረ ነው። ደንበኛ የጃኬቱ ዚፕ ተበላሽቶበት ይመጣል። ልጄን እልካለሁ፣ በሁለት ደቂቃ የሚመሳሰል ዚፕ ይዞልኝ ይመለሳል፣ ሰውየው እዚያው ቆሞ እያለ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን እተክልለታለሁ። ሌላ ሰፈር ብወሰድ የስፌት መኪናዬን ነው እንጂ ይህንን ይዤ አልሄድም። ኮንዶሚኒየም ሥር ያሉ ሱቆች ደግሞ በጨረታ ነው የሚሸጡት፤ በመርፌና ክር የምታድር ሴት ያንን ጨረታ አታሸንፍም። እባካችሁ የምትናገሩ ሰዎች አዲሱ ሕንጻ ሲሠራ ታች ትንንሽ ሱቅ ይኑረው በሉልን፣ በፊት ለነበሩ ተከራዮችም ቅድሚያ ይሰጥ በሉልን።

የሰንጋ ተራ ነዋሪ፦
እኔ ለውጡን እደግፋለሁ። ሰንጋ ተራ የባንኮቹ ሕንጻዎች መሀል ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በእግር ሂዱና እዩት። ጥበቃ ብቻ ነው ያለው። ዳቦ የሚገዛበት ሱቅ የለም፣ የሚጫወት ልጅ የለም። እህቴ ከሥራ ስትወጣ እዚያች መንገድ ላይ ብቻዋን ላለመሆን ትሮጣለች። ፎቁ ላይ ሰው ቢኖርበት መብራት ይኖር ነበር፣ የእናትሽ ዓይነት ሱቅም ማታ ደንበኛ ያገኝ ነበር። ከፍታው ላይ ከንድፍ ሠሪው ጋር እስማማለሁ፤ ቅይጥ መሆኑን ግን አትቃወሙ።

የተክልዬ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ያላችሁትን ሁሉ ለእናቴ አነበብኩላት። ጠዋት ቡና አፍልታ ጎረቤቶችን ጠራች፣ አምስት ቤት ተሰበሰብን። ቅይጡን አንቃወምም ተባባልን። ዝቅተኛው ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ መንገዱ ስንት ሜትር እንደሚወስድ፣ ይዞታችንን ቀላቅለን ብንመጣ ይቀበሉን እንደሆነ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈናል። የትንንሽ ሱቆቹንና የተከራዮቹን ነገር እናቴ ራሷ "ጨምሩበት" ብላ አስጨመረች። የወራሽነቱን ጉዳይ ወንድሜ ሰኞ ፍርድ ቤት ይሄድበታል።

ልብስ ሰፊዋ እህቴ፣ አንቺም ነይ። ደብዳቤው ላይ ለስምሽ ቦታ ትተናል። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ 2 ተኩል ላይ እናቴ ሱቅ በር ላይ እንገናኝና አብረን እንሄዳለን።