አፓርታማ ውስጥ ቡና ስቆላ አላርሙ እየጮኸ ተቸገርኩ

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቡና ስቆላ የጭስ አላርሙ ሁለቴ ጮኸ። ዛሬ ከአከራዩ ቢሮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ ውሌ ሊታደስ ሁለት ወር ነው የቀረው። ጭሱን እንዴት ልቀንስ? ቡናውን ተዪው እንዳትሉኝ፣ የሳምንቱ ጭንቀት የሚለቀኝ እሱ ላይ ቁጭ ስል ነው።

ኤሌክትሪሻኑ፣ ዳላስ፦
አላርሙን በፕላስቲክ መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውለቅ በጭራሽ! ከጭሱ ይልቅ እሱ ነው ጣጣ የሚያመጣብሽ። ጀርባው ላይ «አዮናይዜሽን» የሚል ከሆነ በምድጃ ጭስ ቶሎ ይጮኻል፤ «ፎቶኤሌክትሪክ» ይሻላል። ከምድጃው ቢያንስ 10 ጫማ (3 ሜትር ግድም) መራቅ አለበት። ቀርቦ ከተሰቀለ እንዲያዛውሩት በኢሜይል ጠይቂ፣ በስልክ አይሁን። ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያም ብዙ ቤት ውስጥ ጭሱን መልሶ እዚያው ይተፋዋል። ስታበሪው ከላዩ ባለው ቀዳዳ በኩል ነፋስ እጅሽን ከነካሽ ያንቺም እንደዚያው ነው። መስኮት ላይ ወደ ውጭ የሚነፋ ቬንትሌተር አድርጊ፣ ሌላ መስኮት ደግሞ ክፈቺ።

ባለ ረከቦት፣ ኦክላንድ፦
ልጄ፣ ቬንትሌተሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ አቆላሉ ይስተካከል። ለሦስት ሰው 60 ግራም ይበቃል፤ ሩብ ኪሎ አንዴ ምጣድ ላይ መገልበጥ ጭስ መጥራት ነው። ካጠብሽው በኋላ በደንብ ይጠንፈፍ፣ እንፋሎቱም አላርም ያስጮኻል። በመካከለኛ እሳት ሳታቋርጪ አማስዪው። ዓይን የሚያስለቅሰው ገለፈቱ ምጣዱ ላይ ሲያርር ነው፤ መሀል ላይ ወንፊት ውስጥ ገልብጠሽ ገለፈቱን አራግፊና መልሺው። መንጣጣት ከጀመረ ጭሱ ይበዛል፣ ቅባቱ ፊቱ ላይ ከወጣማ ቤቱን ይሞላዋል። ቅባቱ ሳይወጣ አውርጂና ወዲያው ወንፊት ላይ አፍሺው፤ ምጣዱ ላይ ከተውሽው በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። የሸክላ ጀበናም ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ የጋለ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። ከዝቅተኛ እሳት ጀምሪ።

ባለ እንዝርት፣ ቶሮንቶ፦
ለጭንቀት ቡና? ካፌይኑ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ በረካ ጠጥቶ ሌሊት ጣራ ላይ ማፍጠጥ ዕረፍት አይደለም። ፈትል ሞክሪ፤ ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። የተዳመጠ ጥጥ በደጋን ይነደፍና ልል አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል። አጥብቀሽ ከጠቀለልሽው አይሳብም፣ ይጓጎላል። ክሩ ከተበጠሰብሽ ደግሞ ጥጡን የምትስቢው እንዝርቱ ከሚያከረው ፈጥነሽ ነው። ለጀማሪ ወፍራም ማግ ይሁን፤ የድር ክር ቀጭንም ጠንካራም መሆን አለበት፣ እሱ ለቆየ እጅ ነው።

የአዋሬ ልጅ፣ ለንደን፦
ዋናው ጭንቀት ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ አይደል እንዴ? በተደወለ ቁጥር ከመላክ በወር አንዴ ወስኖ መላክ ነው፤ አለዚያ የመላኪያው ክፍያ ይደራረባል። ቡናውን ደግሞ ባልኮኒ ላይ በከሰል ቁይው፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን ወደ ቤት አስገቢው። ፍም አይጨስም።

ኤሌክትሪሻኑ፣ ዳላስ፦
ወንድሜ፣ ሰው ታስገድላለህ! ፍሙ መጨስ አቆመ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይ፣ አይሸት፤ ተራ የጭስ አላርምም አይይዘውም። መስኮት ከፍቻለሁ ማለትም አያድንም። ባልኮኒ ላይ ከሰል ማንደድ ራሱ ብዙ አፓርታማ ውስጥ ክልክል ነው።

የአዋሬ ልጅ፣ ለንደን፦
አገር ቤት በከሰል ያልጠጣ ማን አለ?

ኤሌክትሪሻኑ፣ ዳላስ፦
አገር ቤትም የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ያኛው ቤት በበርና በጣራ ክፍተት ይተነፍሳል፣ ይሄኛው ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ተደፍኖ የተሠራ ነው።

ባለ ረከቦት፣ ኦክላንድ፦
ከሰሉስ ይቅር። ዕጣኑንስ በምን ታጭሰው?

ባለ እንዝርት፣ ቶሮንቶ፦
ያለ ዕጣንም ይጠጣል፣ እትዬ።

ባለ ረከቦት፣ ኦክላንድ፦
ይጠጣል። ሻይም ይጠጣል።

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አላርሙን ለካሁት፣ ከምድጃው 6 ጫማ ነው። ኢሜይሉን ለቢሮው ነው ለሕንፃው ባለቤት የምጽፈው? ስለ ደብዳቤውስ ምን ልበል?

የአዋሬ ልጅ፣ ለንደን፦
በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዕጣን ማጨሻ አለ፣ እትዬ።