ከሚኒሶታ የመጣው የበረዶ ድንኳን ለጓሳ ይሆናል? ማሞቂያው እየጠፋ አስቸገረኝ

የበሬሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ታላቅ ወንድሜ ሚኒሶታ ይኖራል። እዚያ በብርዱ ወራት ሐይቁ ይረጋል። በረዶው ላይ ድንኳን ይተክሉና በረዶውን በስተው ዓሣ እያጠመዱ ያድራሉ። ባለፈው ሲመጣ ያንን ድንኳንና ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ይዞልኝ መጣ። "ጓሳ ማደር ትወዳለህ፣ ከእንግዲህ ብርድ አይነካህም" አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጓሳ፣ መንዝ ያለው የደጋ ሣር ሜዳ ላይ፣ ሁለት ሌሊት ልናድር ነው። አምና በተራ ድንኳን ሞክረን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቆፈን ይዞን ተቀምጠን ነው የነጋልን። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። የውሃ ጠርሙሴ ውስጥ በረዶ ሠርቷል።

ማሞቂያውን ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። ይበራል፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይቆይና ራሱ ይጠፋል። ሲሊንደሩ ሙሉ ነው። ማገናኛውን እዚሁ አንድ ሰው ነው ያበጀልኝ። ተበላሽቶ ይሆን? እሱ ካልሆነ ደግሞ ከሰል ውጭ አቀጣጥለን፣ ጢሱ ካለቀ በኋላ ከነማንደጃው ድንኳን ውስጥ ብናስገባው ምን ችግር አለው? ቤት ውስጥ ሁላችንም የምናደርገው ነው።

ሽቦ

አልተበላሸም ወንድሜ። ኦክስጅን ሲያንስ ጋዙን የምትዘጋ መቆጣጠሪያ አለችው። እሷን እለፍና ቀጥታ አገናኘው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይነድልሃል።

መንዜው በበረዶ ላይ

ከላይ የተጻፈውን በእግዜር ስም እንዳታደርገው። የምትዘጋው መቆጣጠሪያ የአራታችሁ ነፍስ ናት።

እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ሚኒሶታ ከመጣሁ 19 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሚል ላክስ በሚባል ሐይቅ ላይ አድራለሁ። ድንኳንህንም ማሞቂያህንም አውቃቸዋለሁ። የጓሳን ሌሊት ደግሞ በግ ጠባቂ ሆኜ ነው የማውቀው።

የማሞቂያህን ነገር ልንገርህ። ከትንሿ ነበልባል ፊት ሙቀት የምትቀበል ዘንግ አለች። ኦክስጅን ሲያንስ ነበልባሏ ከዘንጓ ትርቃለች፣ ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፣ ጋዙ ይዘጋል። ሰው በተዘጋ ቦታ እንዳይታፈን ብለው ነው እንዲህ የሠሯት። ከፍታም ያንኑ ያደርጋል። የእንደዚህ ዓይነት ማሞቂያዎች መመሪያ ከ7,000 ጫማ በላይ፣ ማለትም ከ2,100 ሜትር ገደማ በላይ፣ ሊጠፉ እንደሚችሉ ይናገራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያልፋል። ጓሳ 3,200 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ቢሆን ነው። ሚል ላክስ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። ዕቃው የተሠራው ለዚያ ነው። በዚያ ላይ ለፕሮፔን የተሠራ ነው፤ የማብሰያ ጋዝ ደግሞ ቡቴን ሊቀላቀልበት ይችላል። በእጅ የተበጀ ማገናኛ ከጨመርክበት ጉዳዩ አለቀ። ማሞቂያውን ቤት ተወው።

ድንኳኑ ግን ሀብት ነው። እዚህ እንዴት እንደምናድር ልጻፍልህ፣ ከእሱ የሚጠቅምህን ትወስዳለህ።

መጀመሪያ በረዶውን እንለካለን። ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጥርት ያለ ጠንካራ በረዶ ያስፈልጋል። ለመኪና 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። እየሄድን እየቦረቦርን እንለካለን፣ አንድ ቦታ ወፍራም ሆኖ ትንሽ ዘወር ስትል ስስ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ድንኳኑን በብሎን መሰል ካስማ እናስረውና ቀሚሱን፣ ከግድግዳው ሥር የተዘረጋውን ጨርቅ፣ ዙሪያውን በበረዶ እንቀብረዋለን። ነፋስ በሥር እንዳይገባ ነው። ድንኳኑ ወለል እንደሌለው አይተሃል አይደል? ስለዚህ ወፍራም ስፖንጅ እናነጥፋለን፣ ዓሣ የምናጠምድበት ቀዳዳ ጋ ብቻ ይቆረጣል። እኔ ስፖንጁ ላይ የእናቴን ዝተት አነጥፋለሁ። መሐል ሜዳ የተሠራ፣ የመንዝ በግ ጠጉር ነው። ፈረንጆቹ ጓደኞቼ መጀመሪያ ክብደቱን ሲያነሱ ይገረሙ ነበር። አሁን ማን ዝተቱ ላይ እንደሚተኛ ተራ ይጠብቃሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማሞቂያው የሚበራው። ሲበራ ደግሞ አንድ መስኮት ከላይ፣ አንድ ከታች ክፍት ይሆናል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል ከራስጌ ይንጠለጠላል።

በሁለተኛው ዓመቴ ነፋስ በረታና አብሮኝ ያደረው ልጅ የታችኛውን መስኮት በጃኬት ወተፈው። እኔ ተኝቻለሁ። ደወሉ ጮኸ። ስነሳ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። በእንብርክኬ ነው የወጣሁት። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር፣ በካልሲ ቆሜ አየር ስስብ ብርዱ አልታወቀኝም። ያ ደወል ባይኖር ይህን አልጽፍልህም ነበር።

አሁን ወደ ጓሳ። እሳት የሌለበት ሙቀት ነው የምታዘጋጀው። ብርዱ ከላይ የሚመጣ ይመስልሃል፣ ግን አብዛኛውን ሙቀትህን የሚጠጣው መሬቱ ነው። አምና ምን አንጥፋችሁ ነበር? ስስ ፍራሽ ከሆነ በዚያ ነው የተጠቃችሁት። ከመሐል ሜዳ ጭድ ግዙ፣ በማዳበሪያ ሙሉት፣ አጥብቃችሁ ደርድሩት፣ በላዩ ዝተት። ከላይ የመኝታ ከረጢታችሁ፣ በእሱ ላይ ቡሉኮ። ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ ውሃ አፍሉና ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ክደኑት፤ ካልሲ አልብሳችሁት ጭናችሁ መሃል ይደር። እስከ ንጋት ለብ ይላል። የቀን ልብሳችሁን አውልቁ፣ ላብ ስላለው ያቀዘቅዛል። እራት ጠገብ በሉ፣ ሌሊት ለሚነቃ በሶ አስቀምጡ። አረቄ ግን ይቅር። ለጊዜው ያሞቀ ይመስላል፣ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ የሰውነትን ሙቀት ነው የሚያባክነው።

የላይኛውን መስኮት ሌሊትም አትዝጉ። የአራት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ይረጋና ጠዋት ይዘንብባችኋል።

ሲስተር ነኝ

ስለ ከሰሉ እኔ ልናገር፣ በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ስለሆነ። ጢሱ ካለቀ አደጋው አለቀ የሚለው ነገር ነው ሰው የሚጨርሰው። የቀላ፣ ጢስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ከተኛህ አያስነሳህም። ቤት ውስጥ "ሁላችንም የምናደርገው ነው" ያልከው እስካሁን ያልጎዳችሁ በበሩና በጣሪያው ክፍተት ስለሚወጣ ነው። ነፋስ የማያስገባ ባለ ሁለት ንብርብር ድንኳን ግን ክፍተት የለውም። እናቶች ሕፃን ይዘው በር ዘግተው ከሰል ሲያነዱ ስሰማ አሁንም ልቤ ይደነግጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ጓሳ ከፍታው ራሱ ራስ ሊያሳምምና ሊያቅለሸልሽ ይችላል። የከሰል መመረዝም ምልክቱ ያው ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ጉልበት መክዳት። ስለዚህ ሰው "ከፍታው ነው" ብሎ ተመልሶ ይተኛል። እሳት ገብቶ ከነበረና ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ራሴን ካለ፣ ለማጣራት አትቆዩ። ሁላችሁም ውጡ፣ እየጎተታችሁም ቢሆን። ከዚያ ወደ ሐኪም።

የጓሳ ልጅ

ጋሼ መንዜው ሁሉንም ነግረውሃል። እኔ ቦታውን ልጨምር። ረግረጉና የወንዙ ዳር ለጥ ያለ ስለሆነ ድንኳን ያስተክላል፣ ግን ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። አመዳዩም እዚያ ይብሳል። ትንሽ ከፍ በልና ከነፋስ የሚከልል ተረተር ሥር ትከል። ማደሪያ ቦታውን ከጠባቂዎቹ ጋር ተነጋገሩ። የበረዶ ካስማው ለአፈር አይሆንም፣ ረጅም ብረት ያዙ። የጓሳውን ሣር ለፍራሽ እንዳታጭዱ፣ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦም ለማገዶ እንዳትቆርጡ። አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩን በጋራ በሚጠብቁበት በአገሩ የቆየ ደንብ፣ ጠብቀው ያቆዩት ሣር ነው። ቀይ ቀበሮውም አይጥ የሚያድነው እዚያው ነው።

የበሬሳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ማንደጃውን ተውኩት። እቤትም እናቴን አስነበብኳት፣ ትናንት ማታ ከሰሉን ራሷ አወጣችው። ጋሼ፣ ማሞቂያውን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፣ ወንድሜ ሲመጣ ይመልሰው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ለአራት ሰው ስንት ማዳበሪያ ጭድ ይበቃል? ዝተትስ አራት ያስፈልገናል?

መንዜው በበረዶ ላይ

ለሰው ሁለት ሁለት ማዳበሪያ፣ ስምንት። ጥቅጥቅ አድርገህ ሙላ፣ ስትተኛበት ይሟሽሻል። ዝተት ሁለት ይበቃል፣ ትልቅ ከሆነ ለሁለት ሰው አንድ ነው። ለመግዛት አትቸኩል፣ የመንዝ ዘመድ ያለው ጓደኛ ካለህ እሱን ጠይቅ። ጥሩ ዝተት ያለው በሰው ቤት ነው።

የጓሳ ልጅ

እኛ ቤት አንድ አለ፣ አውሳችኋለሁ። ስትመለሱ ጭዱን እዚያ አትጣሉት፣ ለአህያችን አምጡልኝ።