ሹፌር ወንድሜን ብልጭልጭ መስመር ይጋርደዋል፤ ራስ ምታቱ ግን አንዳንዴ ብቻ ነው

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦
ጤና ይስጥልን። የምጠይቀው ለታናሽ ወንድሜ ነው። 31 ዓመቱ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሚኒባስ ይነዳል። ሲጀምረው የፊተኛው መኪና ታርጋ መሀሉ ይጠፋበታል። ከዚያ እንደ ቀሚስ ጥለት የተሰባበረ ብልጭልጭ መስመር ይነሳና እየሰፋ ወደ ግራ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጠራለታል። አንዳንዴ በቀኝ በኩል የሚወቅር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይከተለዋል፤ አንዳንዴ ምንም የለም። በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። መነጽር ታዞለት ነበር፣ ለውጥ የለም። እናታችን «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታሸተዋለች። የዓይን ነው የጭንቅላት? መንዳትስ ይችላል?

መልስ (የጤና መኮንን፣ ደብረ ብርሃን)፦
የማይግሬን ኦራ ይመስላል፤ ማይግሬን እየተመላለሰ የሚወቅር ራስ ምታት ነው፣ ኦራ ደግሞ ከእሱ በፊት ወይም ያለ እሱ ለጥቂት ጊዜ የሚመጣው የእይታ መዛባት። የሚመጣው ከአንጎል እንጂ ከዓይን አይደለም፤ መነጽሩም ያልጠቀመው ለዚህ ነው። ማየትን በሚሠራው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያልፋል። ሞገዱ የደረሰበት ቦታ ብልጭታ ይሰጣል፣ ያለፈበት ለጊዜው ባዶ ይሆናል፤ መስመሩ ቀስ እያለ የሚሰፋው በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል። ራስ ምታት ባይከተለውም ማይግሬን መሆኑ አይቀርም።

ሲመጣበት መኪናውን ያቁምና ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ በግራው ብቻ ይይ፤ ከዚያ ይቀይር። መስመሩ በሁለቱም ዓይን በዚያው ጎን ከታየው የአንጎል ነው። ብዙ ሰው በግራ በኩል ስላየው ብቻ «ግራ ዓይኔን» ይላል፤ ሳይከድኑ የሚነገር አያስተማምንም። ቀጥሎ በደብተር ገጽ መሀል ነጥብ ያድርግ፤ ነጥቧን እያየ የመስመሩን ጠርዝ በየ5 ደቂቃው ይሳል፣ አጠገቡም ሰዓቱን ይጻፍ። ያችን ወረቀት ይዞ ሲሄድ ሐኪሙ ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል። ደም ግፊቱንም ይለካ፤ ሲጋራ ካጨሰ ይተው፣ ማጨሱ ከኦራው ጋር ሲደመር ለስትሮክ ያጋልጣል።

ዳማከሴ ማሽተቱ አይጎዳም፤ ጭማቂውን ዓይን ውስጥ መጨመር ግን በፍጹም።

መልስ (የዓይን ሕክምና ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት)፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ። እነዚህ ግን ከመጡ ኦራ ነው ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ፦ እንደ መጋረጃ በድንገት የሚወርድ ጨለማ፤ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይ ነገር፤ ከ1 ሰዓት ያለፈ፤ የእጅና የእግር መዛል ወይም የአፍ መኮላተፍ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ። ለሰከንድ ብልጭ እያለ አዲስ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛም ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ሲታይም ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ የዓይኑ ውስጥ ይመርመር፤ ሰሌዳ አስነብቦ መነጽር ማዘዝ ብቻውን ምርመራ አይባልም።

መልስ (ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን)፦
ኦራውን የሚያሳጥር ኪኒን የለም፤ ራስ ምታት የማይከተለው ከሆነ ምንም አይዋጥ። ራስ ምታቱ ሲጀምር ግን ወዲያው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር፤ ጨጓራ ካለበት ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ውን ሁለት ፍሬ። «ትንሽ ልታገሠው» ብሎ ማቆየት ነው የሚያበላሸው፦ ማይግሬን ሲጠና ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፣ ኪኒኑም እዚያው ይተኛል። ማቅለሽለሹ ከበረታ ሐኪም ሜቶክሎፕራሚድ 10 ሚሊ ግራም ሊጨምርለት ይችላል፤ እሱን ከዋጠ መሪ አይያዝ። ማስታገሻ በሳምንት ከ2 ቀን አይለፍ፤ ሲበዛ ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ያመጣል።

አስተያየት (ነርስ፣ መሐል ሜዳ)፦
ማይግሬኑ እንዳይመጣ የሚከላከለውን ኪኒን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ማታ ማታ ቢጀምርስ?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን)፦
በሁለት በሦስት ወር አንዴ ለሚመጣ አይገባም። መከላከያ የሚታሰበው ራስ ምታቱ በወር 4 ቀንና ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም ከሥራ ሲያስቀር ነው። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ጠዋትም ያደነዝዛል፤ ለሹፌር አልመክረውም።

መልስ (የጤና መኮንን፣ ደብረ ብርሃን)፦
መንዳቱን በተመለከተ፦ መስመሩ ብቅ ሲል ወዲያው ጥግ ይያዝ። ባዶው ቦታ እግረኛ ይውጣል፣ አንጎል ደግሞ ክፍተቱን በአካባቢው ቀለም ስለሚሞላው ሹፌሩ መንገዱ ነጻ ይመስለዋል። የጣርማበር ቁልቁለት ላይ «እስከ ደብረ ሲና ልድረስ» የሚባል ነገር የለም። መንዳቱን የሚቀጥለው ዓይኑ ፈጽሞ ከጠራና ራስ ምታቱ ካልመጣ ነው። ረዳቱም ይህን ይወቅ።

መቼ እንደሚነሳበት ይመዝግብ፦ እንቅልፍ ያጣበት ሌሊት፣ ምግብ የዘለለበት ቀን፣ የሚያንጸባርቅ ፀሐይ። ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ ሲነዳ ከሆነ የሚመጣበት፣ የንስሐ አባቱን ያማክር። ጠዋት ቡና የለመደ ሰውም በጾሙ ቀን ድንገት ሲያቋርጠው ራሱን ያመዋል፤ ጾሙ ሳይገባ በሳምንት ውስጥ ስኒውን ቀስ በቀስ ይቀንስ።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ፣ ነርሷ)፦
ይህ ኦራ ያለባት ሴት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ብትወስድስ?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን)፦
ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት ጥምር ኪኒን አይሰጣትም፤ ራስ ምታት ቢኖርም ባይኖርም፣ ስትሮክን ስለሚያባብስ። በክንድ የሚቀበረው፣ የሦስት ወሩ መርፌና ሉፕ ይሆኗታል። ጥምሩን እየወሰደች ከሆነ ሌላው እስኪሰጣት በኮንዶም ትጠቀም፤ ምዝገባ ላይ «ራስ ምታት አለሽ?» ብቻ ሳይሆን «ዓይንሽ ላይ የሚብለጨለጭ መስመር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት።